ዛሬ ስንት ናችሁ?

ጎንደር ውስጥ ሥራ የሚመራ ሰው ሁሉ በቃሉ የሚያውቃት አንዲት አባባል አለች። «ሰው ጠፋ» ትባላለች። ዳቦ ቤቱ ይላታል። ግንበኛው ይላታል። ሆቴሉ ይላታል። እኔም እላታለሁ። የሕፃናት ማቆያ ኃላፊ ሆኜ ስምንተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። በነዚህ ዓመታት «ሰው ጠፋ» ያላልኩበት ወር ያለ አይመስለኝም።

ቆይቼ ሳስባት የምትገርም አነጋገር ናት። ማን ጠፋ? ማን አጠፋው? አትናገርም። «ብርጭቆው ተሰበረ» እንደማለት ነው። ልጆች ሆነን ብርጭቆ ስንሰብር «ሰበርኩት» ብለን አናውቅም። ሁልጊዜ ራሱ ነው የሚሰበረው። አማርኛችን ለዚህ ነገር ይመቻል። አድራጊውን ጓዳ ደብቆ ድርጊቱን ብቻ ሳሎን ያወጣልናል።

ዛሬ የምጽፈው ብርጭቆውን ስለሰበርኩበት ቀን ነው።

ማቆያችን የኪራይ ቤት ነው። አራት ክፍል፣ ሰፊ ግቢ፣ አንድ የኮክ ዛፍ። ክረምት በረዶ ሲጥል ቆርቆሮው ከበሮ ይሆናል። የተኛ ሕፃን ሁሉ ባንዴ ይነሣል። ያኔ 26 ልጆች ነበሩን። 9ኙ ዓመት ያልሞላቸው ናቸው። 17ቱ ደግሞ ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ያሉ፣ ለአፍታ ዞር ከተባለ ወንበር ላይ የሚገኙ። እናቶቻቸው አስተማሪዎች፣ የባንክ ሠራተኞች፣ ቅዳሜ ገበያ ሱቅ ያላቸው፣ የሆስፒታል ነርሶች ናቸው። «እንዴት ጡት ያልጣለ ልጅ ለሰው ይሰጣል?» የሚሉ አሮጊቶች ሰፈራችን ውስጥ አሉ። መልሱ አዋጁ ላይ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለእናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ ይሰጣል። 90ው ሲያልቅ እናት ወደ ሥራ፣ ልጅ ወደ እኛ።

ለነዚህ ልጆች 5 ሞግዚቶች፣ አንዲት ምግብ አብሳይ እና አንድ ዘበኛ ነበሩን። ወረቀቱ እንደዚያ ይላል። እኔ ከቁጥሩ ውስጥ የለሁበትም። እኔ «ቢሮ» ነበርኩ።

ጥር በጎንደር ምን እንደሚመስል ለጎንደር ሰው መንገር ድፍረት ነው። ለሌላው ግን ልንገር። በ10 ከተራ ነው። ታቦታቱ ወርደው አፄ ፋሲል መዋኛ ያድራሉ። በ11 ጥምቀት ነው። ከዚያ በፊት ባለው ሳምንት ከተማው እንግዳ በእንግዳ ይሆናል። የባጃጅ ዋጋ ይወጣል። ቤት ይቀባል፣ ጠላ ይጠመቃል፣ የሐበሻ ቀሚስ ከሳጥን ይወጣል። በዚያ ላይ ወሩ የሰርግ ወር ነው። ጥር ሲመጣ ሠራተኛ እንደሚሳሳ ለማወቅ ነቢይ መሆን አያስፈልግም። ካላንደር ማየት ይበቃል።

ቀኑ ጥር 8 ነበር። ከአምስቱ ሞግዚቶች ሁለቱ ብቻ መጡ።

አንደኛዋ ቀሪ ከወር በፊት ወደ ቤሩት ሄዳለች። በምትኳ አልቀጠርንም። ሁለተኛዋ እህቷን ልትድር ደምቢያ ገብታለች። ፈቃድ የጠየቀችኝ ከሁለት ሳምንት በፊት ነው፣ የፈቀድኩላትም እኔው ነኝ። ሦስተኛዋ 1 ሰዓት ላይ ደወለች። ልጇን ሌሊቱን ሙሉ ሲያስመልሰው አድሯል። እንግዲህ ልብ በሉልኝ። ከሦስቱ ቀሪዎች ድንገት የሆነብኝ የአንዷ ብቻ ነው። የሁለቱን አስቀድሜ አውቀው ነበር። ማታ ቤቴ ሄጄ «ዛሬ ሰው ጠፋ» ብዬ ያወራሁት ግን ስለ ሦስቱም ነው።

ከ1 ሰዓት ተኩል ጀምሮ በሩ ላይ ቆሜ ልጆች ተቀበልኩ። «እንዴት አደራችሁ፣ ግቡ ግቡ፣ ብርዱ አይጣል ነው።» 24 ልጆች መጡ። ማንም የጠየቀኝ የለም። እኔም ትንፍሽ አላልኩም። የዚያን ቀን ፈገግታዬን እስካሁን አልረሳውም። ጉንጬን እያመመኝ ነበር።

9ኙን ሕፃናት አንዷ ሞግዚት ከምግብ አብሳይዋ ጋር ያዘች። ምሳው በዚያ ቀን እንዴት እንደተሠራ አትጠይቁኝ። 15ቱን ትልልቆች ሌላዋ ብቻዋን ያዘች። ይቺኛዋ ዕድሜዋ ሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው። ብዙ አታወራም። ልጆቹ ግን ቀሚሷን ይዘው አይለቋትም። ማለዳ ከእናቱ አልላቀቅም የሚል ልጅ ሁሉ እሷን ሲያይ እጁን ይዘረጋል። እኔ ቢሮዬ ገባሁና የወር ክፍያ ደረሰኝ መቁረጥ ጀመርኩ።

4 ሰዓት ገደማ ውኃ የጫነ ባጃጅ መጣ። ጎንደር ውኃ በፈረቃ ነው። ፈረቃው ሲዘለን በጀሪካን እናስመጣለን። ዘበኛችን ሽማግሌ ናቸው። ጀሪካኑን አንድ አንድ እየያዙ ወደ ጓዳ ያመላልሳሉ። በሩ ወለል ብሎ ክፍት ነው። ግቢ ውስጥ አንድ ልጅ ከመወዛወዣው ወድቆ አፍንጫው ደምቷል። ሞግዚቷ እሱን ጭኗ ላይ አስተኝታ በእርጥብ ጨርቅ ትይዝለታለች። ሌሎቹ 14ቱ ግቢው ውስጥ ተበትነዋል። 14 ናቸው ብለን ነበር።

ከበሩ አንድ ድምፅ ሰማሁ። ከማዶ ጀበና ቡና የምታፈላው ሴት ናት። አንድ የሁለት ዓመት ልጅ ታቅፋ ቆማለች።

«ይሄ የናንተ አይደለም እንዴ?»

የኛ ነበር። አስፋልቱን ተሻግሯል። «ከባጃጆቹ መሃል ነው ያነሣሁት» አለች። ስንት ደቂቃ ውጭ እንደቆየ እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። መጥፋቱን ያወቅነው ከተገኘ በኋላ ነው። ሴትዮዋ እንዳያለቅስ ፈንዲሻ ሰጥታው ኖሮ በሁለት እጁ ጨብጧል። ጉንጩም ሞልቷል። ደህና ነው፣ ይስቃል። እግዚአብሔር ይመስገን ብዬ ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። ሞግዚቷ እየሮጠች መጥታ ልጁን ከእጄ ነጠቀችው። ወዲያው ማልቀስ ጀመረ።

«ምነው ደግሞ ታስለቅሺዋለሽ!» ብዬ ጮህኩባት።

ለድርጅቱ ባለቤት ስልክ ደወልኩ። መጀመሪያ የጠየቀኝ «ልጁ ደህና ነው?» ብሎ ነው። ይሄን እመሰክርለታለሁ። ሁለተኛው ጥያቄው «ልጆቹ ጋ ማን ነበረች?» የሚል ነው። «ስንት ነበሩ?» አላለም። እኔም የተጠየቅኩትን ብቻ መለስኩ። ስሟን ነገርኩት።

በማግሥቱ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጻፍኩ። «በሥራ ገበታዎ ላይ ባሳዩት ከፍተኛ ቸልተኝነት» ይላል። ደብዳቤ ላይ ሁሉም ሰው አንቱ ነው። አዋርደን ስናባርር እንኳን በአንቱታ ነው። ቀስ ብላ አነበበችው። ሁለት ጊዜ ያነበበችው መሰለኝ። ከዚያ ቀና ብላ «እቴቴ፣ እኔ ስንት ዓይን አለኝ?» አለች። መልስ አልጠበቀችም። ፈረመች። እኔም ማኅተም መታሁበት።

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሉታል ይሄንን። እዚህ ታሪክ ውስጥ አህያዋ እኔ ነኝ።

ከደብዳቤው የባሰ ነገር ደግሞ አለ። የሠራተኞች የፊርማ መዝገብ አለን። በጥር 8 ገጽ ላይ ከአምስቱ ሞግዚቶች አራቱ ፈርመዋል። እንዴት? የቀሩት ሁለቱ ሲመለሱ አስፈርሜያቸው ነው። ያን ቀን የጀመርኩት ነገር አልነበረም። ልማድ ነበር። ፈቃድ የሚያድሱ ሰዎች ሲመጡ አጥር ያያሉ፣ ሽንት ቤት ያያሉ፣ ወጥ ቤት ገብተው የዱቄቱን ክዳን ያነሣሉ። በመጨረሻ መዝገቡን ገለጥ ገለጥ ያደርጋሉ። ሞልቶ ያገኙታል። ግቢው ውስጥ ቆሞ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብሎ ሰው የቆጠረ እስካሁን አላጋጠመኝም።

የልጁ እናት ነርስ ናት። 11 ሰዓት ተኩል ላይ ልትወስደው መጣች። ልነግራት ይገባል፣ እንዴት እንደምነግራት ግን ቀኑን ሙሉ ሳብላላ ነው የዋልኩት። አብላልቼ አብላልቼ ያወጣሁት ይሄን ነው። «ዛሬ ትንሽ በር ወጣ ብሎ ነበር፣ ወዲያው መለስነው።» አንዲት ቃል ውሸት የለበትም ማለት ይቻላል። ሙሉው ግን ውሸት ነው።

እሷ አልጮኸችም። ልጇን አቅፋ ዝም ብላ አየችኝና «ዛሬ ስንት ነበራችሁ?» አለችኝ።

«እንደ ሁልጊዜው» አልኩ።

በሦስተኛው ቀን ከቡና ሻጯ ሰምታ ተመለሰች። ያን ጊዜም አልጮኸችም። «እኛ ተራ ስንቀባበል መጀመሪያ የምንለው ቁጥር ነው» አለች። «ስንት በሽተኛ አለ፣ ስንት ነርስ አለ። ሲጎድል ጎድሏል ብለን ነው የምንረከበው። የጎደለውን ሞልቶ የሚያስረክብ ሰው እንፈራለን።» ልጁን ለአንድ ወር አላመጣችውም። በወሩ መለሰችው። ይቅር ስላለችኝ አይመስለኝም። የምታስቀምጥበት ቦታ ስላጣች ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ወጣ ልበል። «ተጠያቂነት» የሚለውን ቃል የስብሰባ አዳራሽ አበላሽቶብናል። «ተጠያቂነትን ማስፈን» ሲባል ሰው ሁሉ ስልኩን ማየት ይጀምራል። ቃሉ ግን ግልጽ ነው። ተጠያቂ ማለት የሚጠየቅ ሰው ነው። ሌላ ምሥጢር የለውም። እኔ በስምንት ዓመት ውስጥ ስለ አጥር ተጠይቄአለሁ፣ ስለ ግብር ተጠይቄአለሁ፣ ስለ ምግቡ ተጠይቄአለሁ። «ዛሬ ስንት ናችሁ?» ብሎ የጠየቀኝ ሰው አንዲት ነርስ ብቻ ናት። እሷንም ዋሸኋት።

ከዚያ በኋላ ማታ ማታ ደብተር ይዤ መቁጠር ጀመርኩ። እንዲህ ነው። አንድ ዓመት ያልሞላው ልጅ እኛ ጋ በሚውልበት 10 ሰዓት ውስጥ ቢያንስ አራት ጊዜ ዳይፐሩ ይቀየራል። አንዱ ቅያሬ ከነመታጠቡ 5 ደቂቃ ይወስዳል። አራት ጊዜ ይበላል ወይም ጡጦ ይጠባል። ካልተቻኮለ አንዱ 15 ደቂቃ ነው። ለአንድ ልጅ 80 ደቂቃ። ለ9 ልጅ 720 ደቂቃ። 12 ሰዓት ማለት ነው። በ10 ሰዓት ውስጥ የ12 ሰዓት ሥራ ለአንዲት ሞግዚት ሰጥቼ ነበር ማለት ነው። እሹሩሩ ብሎ ማስተኛት አልተቆጠረም። ያስመለሰው ልጅ አልተቆጠረም። እሷ ራሷ ሽንት ቤት መሄዷ አልተቆጠረም። ታዲያ የሚተርፈው ከየት ይመጣል? 15ቱ ደቂቃ 5 ትሆናለች። ጡጦው ትራስ ላይ ተደግፎ ልጁ ብቻውን ይጠባል። ዳይፐሩ አራት መሆኑ ቀርቶ ሁለት ይሆናል። ማታ እናት ቀይ ቂጥ ታያለች። «ምነው አትጠነቀቅም ይቺ ልጅ» ትላለች፣ ስለ ሞግዚቷ።

እንግሊዝ አገር ከሁለት ዓመት በታች ላሉ ልጆች ሕጉ አንድ ሰው ለሦስት ልጅ ይላል። ድሮ ይሄን ስሰማ የሀብታም አገር ቅንጦት ይመስለኝ ነበር። በደብተሬ ላይ ሳሰላው ሦስት ልጅ ማለት 240 ደቂቃ፣ 4 ሰዓት ነው። የቀረው 6 ሰዓት ለማቀፍ፣ ለማጫወት፣ ለማየት። ለማየት! ሞግዚት ዋና ሥራዋ ማየት መሆኑን እኔ ራሴ ረስቼው ነበር።

የኛም አገር ቢሆን ነገሩ ከወረቀት የጎደለ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣውን የሕፃናት መብቶች ስምምነት ኢትዮጵያ በ1991 ተቀብላዋለች። አንቀጽ 3 ንዑስ አንቀጽ 3 ሕፃናትን የሚንከባከቡ ተቋማት የተቀመጠውን ደረጃ እንዲያሟሉ ይላል። በተለይ ብሎ ከሚጠራቸው ነገሮች መሃል የሠራተኞች ቁጥርና ብቃት አለበት። ቁጥር የሚለው ቃል እዚያ ላይ ተጽፎ ማየቴ ገረመኝ። የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 ደግሞ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች እናቶች የሚያጠቡበትና ልጆቻቸውን የሚንከባከቡበት ማቆያ እንዲያቋቁሙ አዝዞ ነበር። ክፍል ማዘጋጀቱ ቀላሉ ነው። ቀለም ይቀባል፣ ፍራሽ ይነጠፋል፣ ግድግዳው ላይ ጥንቸል ይሣላል። ከባዱ ክፍሉ ውስጥ ማን ይቀመጣል የሚለው ነው።

ሰው ለምን ይጠፋል? ይሄን አሳጥሬ ልለፈው፣ ሁላችንም እናውቀዋለንና። ደመወዙ ትንሽ ነው። ቤሩት አለ፣ ሪያድ አለ፣ ዱባይ አለ። በነዚህ ዓመታት መንገድ በተዘጋ ቀን ከአዘዞ የምትመጣ ልጅ አትመጣም። ሁሉም እውነት ነው። ብዙ የማይወራው ስሙ ነው። አንዷ ሞግዚታችን መዋዕለ ሕፃናት ገብታ ማስተማር ስትጀምር ደመወዟ ብዙም አልጨመረም። ግን «ቲቸር» ትባላለች። እኛ ጋ እያለች ሰፈር ውስጥ ምን ትሠሪያለሽ ሲሏት ወሬ ትቀይር ነበር። የሰው ልጅ የምታሳድግ ሴት ሥራዋን ትደብቃለች። እኛ ነን እንደዚያ ያደረግነው። እኔ ቢሮዬን ዘግቼ ዳይፐር ስለማልነካ ነው ሥራው የበታች ሥራ የሆነው።

የአክስቴ ልጅ አውስትራሊያ፣ ሜልቦርን ሕፃናት ማቆያ ውስጥ ትሠራለች። አንድ ማታ በስልክ ይሄን ሁሉ ዘረገፍኩላት። «እናንተ ጋ ሰው አይጠፋም?» አልኳት። ሳቀች። «እንዴት አይጠፋም፣ በየቀኑ ነው እንጂ!» አለች። እነሱ ባሉበት ግዛት ከሦስት ዓመት በታች አንድ ሰው ለአራት ልጅ ነው። ያ ሲያቅት ድርጅቱ ለተቆጣጣሪው አመልክቶ ጊዜያዊ ፈቃድ ይጠይቃል። ቢበዛ ለ12 ወር ይሰጠዋል። እስከዚህ ድረስ አልገረመኝም። እኛም አገር ማመልከቻ ሞልቷል። ቀጥላ ያለችው ነው የያዘኝ። ያ ፈቃድ ወላጅ የሚያየው ቦታ ላይ መለጠፍ አለበት አለችኝ። የጎደለው ምን እንደሆነ፣ እስከ መቼ እንደሆነ ተጽፎ። ልጅ በአግባቡ ሳይጠበቅ ቢገኝ ደግሞ ሕጉ የሚጠይቀው ፈቃድ ያወጣውን ድርጅትና የተመደበውን ኃላፊ ነው። ክፍሉ ውስጥ ያለችውን ሞግዚት ከፊት አያስቀድምም።

«እዚህ ሁሉ ነገር ጥሩ እንዳይመስልሽ» አለችኝ አስከትላ። «ወረቀት እየሞላን ነው የምንውለው።» እሺ አልኳት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን በሩን አስቤ ቀረሁ። የኛ በር ላይ የተለጠፈው «እንኳን ደህና መጡ» የሚል እና የአንድ ጥንቸል ሥዕል ነው።

በሚቀጥለው ሳምንት ትንሽ ጥቁር ሰሌዳ ገዝቼ በር ላይ ሰቀልኩ። በጠመኔ ጻፍኩበት። «ዛሬ 3 ሞግዚት ነን። 14 ልጅ እንቀበላለን።» ጽፌ ስጨርስ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። እውነት ለመናገር ብቻ ይሄን ያህል መፍራት!

የመጀመሪያው ቀን ጥፋት ነበር። አሥራ አምስተኛዋ ሆና የደረሰችው እናት የባንክ ሠራተኛ ናት። «ታዲያ ልጄን ገንዘብ መቁጠሪያው ላይ ላስቀምጠው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። አሁንም የለኝም። ልጁን ይዛው ሄደች፣ አለቃዋም እንደተቆጣት ሰማሁ። ይሄን እንደ ድል የማወራው ነገር አይደለም። ለልጁ ደኅንነት ብዬ የእናቱን እንጀራ ነክቻለሁ። ሁለቱን ያስታረቀ ሰው ካለ መጥቶ ያስተምረኝ።

ቀስ በቀስ ግን ነገሩ መልክ ያዘ። ወላጆቹ የቴሌግራም ቡድን አላቸው። ማታ ላይ የነገውን ቁጥር እዚያ መጻፍ ጀመርኩ። አያት ቤት ያለላት እናት «እኔ ነገ አላመጣም» ትላለች። የዕረፍት ቀን ያላት ትተዋለች። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ሲባል እሰማ ነበር። ከእነዚህ ሴቶች ለዓመታት ሎሚውን ደብቄ ብቻዬን ስንገዳገድ ነው የኖርኩት። ብቻዬን እንኳ አይደለም፣ አንዲት ልጅ ላይ ጭኜ ነው።

ያልመጣው ልጅ የቀን ክፍያ ደግሞ ይመለሳል አልኩ። ባለቤቱ በዚህ ላይ ነው የተናደደው። «ሰሌዳሽን ስቀይ፣ ገንዘቡን ግን አትመልሺ» አለኝ። ሁለት ሳምንት ተጨቃጨቅን። ክፉ ሰው አይደለም። ኪራዩ ይጨምርበታል፣ ክፍያ ቢጨምር እናቶች ይወጣሉ፣ ባይጨምር ሞግዚቶች ይወጣሉ። በሁለት በኩል ነው የሚሳበው። ግን በክርክሩ መሃል አንድ ነገር ገባኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ እጥረት እሱን አንድ ብር አስከፍሎት አያውቅም። አምስተኛዋ ሞግዚት ስትጠፋ ደመወዟ ይተርፈዋል፣ 26ቱም ልጅ ይከፍላሉ። እኔ መዝገቡን እየሞላሁ እጥረቱን ትርፍ አድርጌለት ነበር! ገንዘቡ መመለስ ሲጀምር በሁለተኛው ወር ራሱ ደውሎ «ለመሆኑ የአምስተኛዋ ቅጥር ምን ደረሰ?» አለኝ። በዚያው ሰሞን ደመወዝም ትንሽ ጨመረ። ብዙ አይደለም። ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን መክፈል ግን ጀመርን። ይሄኛው ከጭማሪው በላይ ሰው ያቆየልን ይመስለኛል።

ሰፈር ውስጥ ልጆቻቸውን አሳድገው የጨረሱ ሁለት እናቶችን ለመጠባበቂያ ያዝን። ባንጠራቸውም በየወሩ ትንሽ እንከፍላቸዋለን። አንዷ ሲጠሯት «ጦር ሜዳ ነው የምትጠሩኝ ወይስ ልጅ ማቀፍ?» እያለች ነጠላዋን አጣፍታ ትመጣለች። ጥር ከመግባቱ በፊት፣ ከፋሲካም በፊት ቀን እናስይዛቸዋለን።

እኔም ጠዋት እስከ 4 ሰዓት ሕፃናቱ ክፍል ነኝ። ደረሰኝ ከሰዓት በኋላ ነው። የመጀመሪያው ሳምንት ወገቤ ለሁለት ተከፍሎ ነበር። ዳይፐር የመቀየር ችሎታዬ እስካሁን ይሳቅበታል።

መዝገቡን አላቃጠልኩትም። የጥር 8 ገጽ እንዳለ ነው። በመዝገቡ ጎን በቀይ እስክሪብቶ «ሁለት ብቻ ነበሩ» ብዬ ጽፌ ፈርሜበታለሁ። ፈቃድ የሚያድሱት ሰዎች ዘንድሮ ሲመጡ ያንን ገጽ ገልጠውታል። ቀዩን ጽሑፍ አንዱ አየው፣ ቀና ብሎ እኔን አየኝ፣ ገጹን ዘለለው። ሽንት ቤቱን ሊያይ ሄደ።

ያቺ ሞግዚት ከደብዳቤው በኋላ ብዙ አልቆየችም። የሕጉን የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ጠብቃ፣ የወሩን የመጨረሻ ቀን ሠርታ ነው የሄደችው። ከኛ ይልቅ ሕግ የምታከብረው እሷ ሆና ተገኘች። ስልኳ ተቀይሯል። ቤሩት ሄደች ያለኝ ሰው ነበር።

ባለፈው መጋቢት ፒያሳ አንድ ዳቦ ቤት ገባሁ። ከመስታወቱ ጀርባ የቆመችው እሷ ናት። ነጭ ሽርጥ አድርጋለች። አላወቀችኝም ብዬ ልወጣ ነበር፣ እውነቴን ነው። «እቴቴ፣ ስንት ልስጥሽ?» አለችኝ።

ወረፋ አልነበረም። ነገርኳት። ደብዳቤው ለእኔ ይገባ እንደነበር፣ መዝገቡን እንደዋሸሁበት፣ ለባለቤቱም እንደተናገርኩ። ከፋይሏ ውስጥ ላወጣው እንደምፈልግ። ብዙ አወራሁ። እሷ ዳቦውን በወረቀት እየጠቀለለች ታዳምጣለች። ስጨርስ «ኧረ እሱን ያን ጊዜውኑ ቀድጄ ጥየዋለሁ» አለች። ፊቷ ላይ ምንም ማንበብ አልቻልኩም።

«ያ ልጅ ግን እንዴት ሆነ?» አለችኝ ቆይታ።

«አንደኛ ክፍል ገባ።»

«አደገ በያ!» አለች። ፈገግ ያለችው ያኔ ነው። «ያን ቀን ፈንዲሻውን ስቀማው እንዴት እንዳለቀሰ። አፉን ሞልቶት እኮ ነበር። ሁሉ ሰው ተገኘ ተገኘ ሲል እኔ ሊያንቀው ነው ብዬ በጣቴ ከጉሮሮው ሳወጣ። ነክሶኛል ደግሞ።»

አመልካች ጣቷን አየት አድርጋ ዳቦውን ሰጠችኝ። ከኋላዬ ሰው ገብቶ ነበር።